ዘጠኝ ጭረትና አንድ ክብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፱ ቀን
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሱቄ

ለልጄ፣ ለማታርፈዋ ሰከንዴ፦

ማንም አልሞተም። ይህን ከሰላምታ በፊት ያስቀደምኩት፣ የእኔን ጽሕፈት ፖስታ ላይ ስታዪ ገና ሳትከፍቺው መርዶ እንደሚመስልሽ ስለማውቅ ነው። ይልቅ ደስታ ነው! እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ! ከአርብ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ እንቅልፍም በዓይኔ አልዞረም፤ ጎረቤቴ ደግሞ "ሰውዬው ሊያገባ ነው መሰለኝ" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራብኛል። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እንተባተባለሁ፣ መሃል ላይ መስመሩ ይቋረጥና ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ይህ ደግሞ ሳይነገር የሚቀር አይደለም፣ በቂ ዓመት ሳይነገር ቀርቷል። ስለዚህ ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂ፣ ውሃም አጠገብሽ አድርጊ።

ጤናዬን አትጠይቂኝ፤ የላክሽልኝ ሰዓት በሦስት ወር ውስጥ ከአንቺም ከዘመድ አዝማድም በላይ ጠይቆኛል። ጎረቤቴ ሬዲዮ እንደሚተረጉምልኝ ከሆነ "ተነስ" ይለኛል፣ እነሳለሁ። ተነስቼስ? እሱን አይነግረኝም፤ ወንበሬን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ። "በረጅሙ ተንፍስ" ይለኛል። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማን አስታውሶኝ ስተነፍስ እንደኖርኩ እንጃ! ማታ ማታ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰክቼ አበላዋለሁ። ይኸው በስተርጅና ሰዓት እራት ሲበላ አየሁ። ሬዲዮ የምልሽ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከጎኔ ሱቅ የገባው ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

አትቀየሚኝ ታዲያ። ሰዓቱን የሠራው አንቺ ያለሽበት ድርጅት መሆኑን አውቃለሁ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ልጄ ናት የሠራችው" እያልኩ ደረቴን ነፍቼ አሳያለሁ። አንድ ነገሩን ደግሞ ከልቤ ወድጄለታለሁ፤ ጎኑን ሲጫኑት ስንት ሰዓት እንደሆነ በድምፅ ይናገራል። ሬዲዮ ነው ያስተካከለልኝ። የሚናገረው አንቺ ባለሽበት አገር ቋንቋ ስለሆነ ቁጥሮቹን እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ አጠናሁ። ለምን አስፈለገህ ትዪኝ ይሆናል። እንዲሁ፣ ድምፁ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ? "አባዬ፣ ሰዎች አሁንም የድሮ ሰዓት የሚወዱት ለምንድን ነው? በስብሰባ ላይ ተነስቶ ማንም መልስ አላገኘለትም። የእኛ ሰዓት አይሳሳት፣ አይዘገይ፣ ውሃ አይገባው። ታዲያ ምን ጎደለው?" አልሽኝ። እኔም "እንጃ፣ ልማድ ነው" ብዬ አለፍኩት። አርባ አራት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ "ልማድ ነው" ብዬ! አሁን ግን መልሱን አግኝቻለሁ፤ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባልኝ። ግን እዚያ ለመድረስ በአንድ መጥፎ በር ማለፍ አለብን። ውሃውን ጠጪ።

እጅሽ ላይ ያለችው ሰዓት የእናትሽ አይደለችም።

ይኸው ጻፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ደብቄው የኖርኩት ነገር አንዲት መስመር እንኳ አልሞላም። ወረቀቱን ቀድደሽ አትጣይው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የምትሄጂበት ሳምንት ነበር። እናትሽ ካረፈች ሰባት ወሯ። ሰዓቷን ከመሳቢያ አውጥቼ "ልጄ ንጹሕ አድርጌላት ይዛት ትሂድ" ብዬ ላጥባት ፈታኋት። በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ቁርጥ የእናትሽን የምትመስል ሰዓት ይዛ መጣች። ያው ፋብሪካ፣ ነጭ ፊት፣ ጥቁር ቁጥር፣ ቀይ ሰከንድ ቆጣሪ። ሁለቱ በተሠሩበት ዘመን የወንድ ሰዓት እንደ ዛሬው የድስት ክዳን ስለማያክል ሴቱም ወንዱም ያስራት ነበር። ሁለቱንም አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው ሁለት የሻይ ብርጭቆ ደፋሁባቸው።

የእኔን አሠራር ታውቂዋለሽ፤ የደንበኛ ስም አልጠይቅም። ወረቀት ቀድጄ የለበሰውን እጽፍና ከብርጭቆው ሥር እሸጉጣለሁ። "ሰማያዊ ኮት።" "አጭሩ ክራቫት።" "ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ።" እናትሽ በዚህ ስንቴ ስቃብኛለች! "ነገ ሌላ ልብስ ለብሶ ቢመጣስ?" ስትለኝ "ፊቱን አውቀዋለሁ" እላት ነበር። እውነቴን ነው፣ ያኔ ፊት አውቅ ነበር። በዚያን ቀን በአንደኛው ወረቀት ላይ "ነጠብጣብ ሻርፕ" ብዬ ጻፍኩ። በሌላው ላይ "የእኔ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ አንቺ ያንን አዲስ ሻንጣ እየጎተትሽ መጣሽ። አልዘጋ ብሎሽ ነበር። "አባዬ፣ ናና ተቀመጥበት!" አልሽኝ። ሁለታችን ላዩ ላይ ወጥተን ስንዘል፣ ስንስቅ፣ መጨረሻ ላይ ስንላቀስ አስታውሺ። ስትሄጂ ዓይኔን ጠርጌ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ፣ ብርጭቆዎቹን አንስቼ አቧራውን ወለወልኩ፣ ብርጭቆዎቹን መለስኩ። ወረቀቶቹ የተቀያየሩት ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ ሊሆን አይችልም፣ ሺህ ጊዜ አስቤዋለሁ። የጀርባ ክዳኗን ከፍቼ አንዴ ባያት ኖሮ አውቃት ነበር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እንዴት አወቅክ ካልሽኝ፣ የነገርሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ። በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት ደውለሽ "አባዬ፣ የእማዬ ሰዓት እዚህ ስትደርስ እንደ እኔ ቸኮለች፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ትቀድማለች" ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የእናትሽ ሰዓት በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ቀድማ አታውቅም። ላስተካክላት በተነሳሁ ቁጥር እናትሽ "ተዋት፣ እነዚያ አራት ደቂቃዎች የራሴ ናቸው" ስለምትለኝ፣ ሳጥባት እንኳ ያንን ጠባይዋን አልነካሁትም። እጅሽ ላይ የታሰረችው ያቺ ባለ ሻርፕ ያመጣቻት ነበረች፤ የእናትሽን ደግሞ ሴትየዋ ይዛት ሄዳለች።

ልነግርሽ ስንቴ አፌን ከፈትኩ መሰለሽ። ግን ወዲያው "ፈተና ስገባ ጆሮዬ ላይ አደርጋታለሁ፣ እማዬ አጠገቤ ያለች ይመስለኛል" አልሽኝ። እንዲህ ላለች ልጅ እንዴት ብዬ ልንገራት? ወሩ አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ፣ በዘገየ ቁጥር ነገሩ ከበደ። ፈራሁ፣ ሰከንዴ። ሌላ ስም የለውም።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ስም የለኝ፣ አድራሻ የለኝ፣ ያለኝ አንድ ሻርፕ ነው። ነጠብጣብ ሻርፕ ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እከተላለሁ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዷን "እመቤት፣ እባክዎ ሰዓትዎን ልክፈተው?" ብያት ሕዝቡን ሁሉ ልታስነሳብኝ ነበር። ሰው ሻርፕ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት እንደማያደርግ የገባኝ እንኳ ሬዲዮ ነግሮኝ ነው።

እንግዲህ ወደ አርብ ልምጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀኑ ደብዘዝ ብሏል፤ ሬዲዮ "ምን ደብዝዞ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል" ይላል፣ እሱ ምን ያውቃል። አንዲት እናት በሩን ከፍተው ገቡ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሳይነግሩኝ አወቅኩ፣ ድምፃቸው የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

"ሰዓት ሠሪ! የዚህች ሰዓት መሙያ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ካልተሠራች ይንገሩኝ፣ አያባብሉኝ።"

"አዲስ የለዎትም እንዴ፣ እትዬ?" አልኳቸው ለወግ ያህል።

"አለኝ እንጂ! ጡረታ ስወጣ ተማሪዎቼ ገዝተው ሰጡኝ። ስንት እርምጃ ሄድሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ ይለኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ስቆጣጠር ኖሬ አሁን እኔን የሚቆጣጠረኝ ልሰር? መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት፣ እዚያም ሆኖ ይነዝራል። ይህቺ ግን ካልሞላኋት አትሄድም። ጠዋት ስነሳ ቤቴ ውስጥ የሚፈልገኝ ነገር እሷ ብቻ ናት።"

እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከፊቷ ላይ ቀይዋ ሰከንድ ቆጣሪ ስትዞር ታየችኝ፤ መሙያዋ ቢወልቅም የጠዋቱ ሙሊት ገና አላለቀም ነበር። እንደ ልማዴ ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት።

ልጄ፣ አወቅኋት። ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፤ ሁለተኛዋ ቀጭ ትንሽ ትጎተታለች፣ ደረጃ ላይ እግሯን እንደምታሳርፍ ሰው። ሃያ ስድስት ዓመት ትራሴ አጠገብ ያደረ ድምፅ ነው! ሰው የገዛ ሚስቱን ሳል ይስታል? ክዳኗን ከፈትኩ። ከውስጥ በኩል በጥፍሬ ዳሰስኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠኝ። ከዘጠኙ ጎን አንድ ክብ።

የዚህን ነገር አታውቂውም፣ ለማንም ነግረን አናውቅም። የእኛ ሙያ ልማድ አለው። ሰዓት የከፈተ ሁሉ ከጀርባ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ ምልክቱን ይጭራል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ማን እንደቀደመው እንዲያውቅ። እናትሽ ከአባቷ የወረሰቻትን ሰዓት ቆማባት ይዛልኝ መጣች። ሠራሁላት፣ አንድ ጭረት ጫርኩ። በሳምንቱ "ቆመች" ብላ ተመለሰች። ከፈትኩ፣ ደህና ናት፣ ሁለተኛ ጭረት። እንደገና መጣች፣ እንደገና። በዘጠነኛው ትዕግሥቴ አለቀና "ሰዓትሽ ጤነኛ ናት፣ ምን ሆነሽ ነው የምትመላለሽው?" አልኳት። "እስክትጠይቀኝ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!" አለችኝ። ክቡን የጫርኩት የተጋባን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቤቴ ሰዓት ስለሆነች ብከፍታትም ምልክት አልጨመርኩባትም።

እና እዚያ ወንበሬ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን እንባዬ ወረደ። መምህርቷ ደነገጡ። "ምነው? አትድንም እንዴ?" አሉኝ።

አልዋሽሽም፣ በዚያች ቅጽበት ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። "ሞታለች፣ እትዬ፣ በቃ" ብላቸው አምነውኝ ይሄዱ ነበር። ሌላ ሰዓት በነፃ እሰጣቸዋለሁ፣ የእናትሽን በእጄ አስቀራለሁ፣ አንቺም አታውቂም፣ እሳቸውም አያውቁም፣ ማን ሊጠይቀኝ? ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን "ጠዋት ስነሳ የሚፈልገኝ" ያሏት ነገር አንጀቴን በላችው። ደግሞ አንድ ጊዜ ባለማየት የተሳሳትኩትን አሁን እያወቅኩ ልድገመው?

"እትዬ፣ ይህቺ ሰዓት የእርስዎ አይደለችም" አልኳቸው።

"ምን ማለትዎ ነው? ከባሌ እጅ ላይ ፈትቼ ያሰርኳት እኔ ነኝ!"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ብርጭቆዎቹን፣ ወረቀቶቹን፣ ሻንጣውን፣ ሻርፑን። ከጎን ሬዲዮ የቁልፍ ማሽኑን አጥፍቶ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። መምህርቷ ዞረው ወደ በሩ ሄዱ። ጥለውኝ የወጡ መሰለኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

"አሥራ አንድ ዓመት" አሉ። "ከእርስዎ ዘንድ በወሰድኳት በሳምንቱ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል አረፈድኩ። ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶ 'ምን ነካዎት?' አለኝ። 'ባለቤቴ አርፏል፣ ሰዓቱም ሐዘን ላይ ነው፣ እንደ ድሮው አይሮጥም' አልኩት። እውነት መስሎኝ እኮ ነው!"

"የባለቤትዎ ሰዓት ትቀድም ነበር እንዴ?"

"እሱ ራሱ ይቀድም ነበር! የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሰርጋችን ላይ እንኳ ከሚዜዎቹ በፊት ደርሶ በር ላይ ብቻውን ተገትሮ ጠበቀኝ። በሞትም ቀደመኝ።" ዞር አሉ። "አሁን የማን እጅ ላይ ናት?"

"የልጄ። ባሕር ማዶ ናት።"

"ትሞላታለች?"

"በየጠዋቱ።"

"ትቀድማለች?"

"በቀን ሁለት ደቂቃ።"

"አላሠራቻትም? አላስተካከለቻትም?"

"'እናቴ ቸኩላ ነው' ትላለች እንጂ ማንም እንዲነካት አትፈቅድም።"

በርጩማዬ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፣ ለካ እየሳቁ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱንም። "እሱ ነው!" ይላሉ ጭናቸውን እየመቱ። "እሱ ራሱ ነው! ሁለት ደቂቃ! ያን ሁሉ ዓመት አገር ሲዞር ከርሟል!" ሬዲዮ ከወዲያ ሆኖ "እልል በሉ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ምሽቱን ሙሉ ሰፈሩ ይህንኑ ሲያወራ አመሸ፤ ማን እንዳሰራጨው አትጠይቂኝ።

ለስብሰባሽ መልስ ይኸው ነው፣ ሰከንዴ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው። የእናንተን ሁለት ሰዓቶች ብርጭቆ ሥር አድርጌ ባቀያይራቸው እስከ ዓለም ፍጻሜ ማንም አያውቅም ነበር፤ ሁለቱም አይሳሳቱማ! የድሮዋ ግን በስህተቷ ትታወቃለች። አንዷ አራት ደቂቃ ትዘገያለች፣ አንዷ ሁለት ደቂቃ ትቀድማለች፣ ያሰራት ሰውም ቀስ በቀስ እሷን ይመስላል። እስቲ ራስሽን እይ። ልጅ ሆነሽ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ሳይዘጋብሽ የገባሽበት ቀን ነበር? አሁን ግን ቢሮ ከሁሉ ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ እንደሆንሽ ነግረሽኛል። እኔ ደግሞ ልጄ ጨዋ ሆነች ብዬ ስኮራ፣ ለካ የማታውቂው የአውቶቡስ ሾፌር ጠባይ ነው!

መሙያዋን እዚያው መለስንላት። መለስንላት ያልኩሽ ወረንጦውን ሬዲዮ ስለያዘ ነው። እኔ በጆሮዬና በጣቴ እየመራሁ "ወደ ግራ፣ ቀስ፣ አሁን ግፋ" ስለው ቁልፍ ሲቀርጽ የኖረ እጅ ላብ በላብ ሆነ። መብራቱ ደካማ ስለነበር ነው እንጂ ራሴ እሠራት ነበር።

ከዚያ የእናትሽን ሰዓት እኔው ራሴ በእሳቸው እጅ ላይ መልሼ አሰርኳት። አትደንግጪ። ስጡኝ አላልኩም፣ እሳቸውም እንኩ አላሉም። "ባዶ እጄን ከዚህ አልወጣም" አሉኝ። "የእኔ እስክትመጣ ይህቺ ታገልግለኝ።" በፖስታ እንድትልክልዎ ልጻፍላት ስላቸው እንደ አጥፊ ተማሪ አፈጠጡብኝ። "በፖስታ! ሰው በፖስታ ይላካል? ያሰረቻት እጅ ራሷ ታምጣልኝ። ያን ጊዜ ይህችኛዋን ከእጄ ፈትቼ በእጇ አስራታለሁ።" ማሰሪያዋን ቆለፍኩላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌ፣ አግኝቼ፣ በገዛ እጄ መልሼ ሰጠኋት። ቢሆንም ቅር አላለኝም፤ የት እንዳለች አውቃለሁ፣ ደህና እጅ ላይ ናት።

ከቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ሲሄዱ ያልፋሉ። ክንዳቸውን በመስኮት ያስገቡና "ያዳምጡ" ይሉኛል። አዳምጣለሁ። ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ ብለዋል።

ቆይ፣ መጡ።

ሄዱ። ያንን ተናጋሪ ሰዓትሽን ተጫንኩት፤ አራት ደቂቃ አርፍደዋል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "ጻፉላት?" አሉኝ። "እየጻፍኩ ነው" አልኳቸው። "ፈርተው እንዳያሳጥሩት" ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ልትቆጪ መብትሽ ነው። ከእናትሽ የቀረሽ አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም አቀያየርኩብሽ፣ አቀያይሬም ዝም አልኩ። ተቆጪኝ፣ ጩኺብኝ፣ አንድ ሳምንት አታናግሪኝ። ብቻ እዚህ መጥተሽ ተቆጪኝ። በየዓመቱ "ለሚቀጥለው" ስትዪኝ እኔም "ሥራሽ ይበልጣል" ስልሽ ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። አይበልጥም። ናፍቀሽኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለሚቀጥለው አትበዪኝ።

የእናትሽ ሰዓት መታጠብ አለባት፣ ዘይቷ ደርቋል፣ ድምፅዋ ነግሮኛል። ለሌላ ሠሪ አልሰጣትም። አንቺ ትፈቻታለሽ፣ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ እነግርሻለሁ። በሰባት ዓመትሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥለሽ የሩዝ ፍሬ የማያክል ብሎን በወረንጦ ታነሺ ነበር፣ እጅሽ አልረሳውም። ሞላዋን አትፍሪው፣ ወዴት እንደሚዘል አውቃለሁ። ስትጨርሺ ከክቡ ጎን ባዶ ቦታ አለ፣ የአንቺን ጭረት እዚያ ትጭሪያለሽ። ይህን ሥራ በእጅሽ ላይ አስቀምጬ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁን ለሬዲዮ ቁልፍ መስቀያ ብሰጠውም ግድ የለኝም።

ጽሕፈቴ ወደ ላይ ወደ ታች ካለብሽ ጠረጴዛው ነው የሚወላገደው። በወፍራሙ ብዕር የጻፍኩትም ቀጭኑ ስላለቀብኝ ነው። ጽሑፉ ሳይዛነፍ መስመሩን እንዲይዝ ከሥር ማስመሪያ አድርጌበታለሁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

በይ እንግዲህ። ጠዋት ስትሞያት የምትከፍትልሽ ቀን ሁሉ የደስታ ትሁን። መንገድሽ ይቅና፣ ሻንጣሽ በቀላሉ ይዘጋ፣ የሚቀመጥበት ሰው ካጣሽ ጥለሽው ነዪ። የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ። እጅሽ ላይ ያለውን ሰውዬ ደህና አድርገሽ ያዢልን፣ ሚስቱ እየጠበቀችው ነው።

በጣም የሚወድሽ
አባትሽ፣ ሰዓት ሠሪው

አንድ ነገር ረስቼ። የምትደርሺበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከሬዲዮ ጋር ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ስትወጪ ቀይ ሻርፕ አድርጊ፤ ነጠብጣብ እንዳይሆን እንጂ የፈለግሽውን ዓይነት። ቀይ አሁንም ከሩቅ ይለየኛል። ወረቀቱን ከወዲሁ ቀድጄ ጽፌዋለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ከባዶው ብርጭቆ ሥር ነው ያለው፦ "ቀይ ሻርፕ። የእኔ።"